ከአሜን በፊት ያለች ዝምታ

ድምፅ መቁረጥና መቀጠል የተማርኩት ወንድሜን ከቀበርኩ ብዙም ሳልቆይ ነው። ሙያ አምሮኝ አልነበረም። እናቴን ላድን ነው የተማርኩት። የኮምፒውተር ትምህርት እንዴት አድርጎ እናት ያድናል የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሰውን ታገሱኝ ማለቴ ራሱ ያስቀኛል፤ እኔ ስፈጠር መታገስ የሚባለው ነገር ሳይደርሰኝ ነው የቀረው።

የምሠራው ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ውስጥ ባለ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። የምኖረው ካሳራኒ ነው፤ ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጋፍቼ እመጣለሁ፣ ማታ ተጋፍቼ እመለሳለሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ ‹‹ራሄል ችኩሏ›› ይሉኛል። ሻይ ሳይበርድልኝ እጠጣለሁ። ሰው ሲያወራኝ ሊል የፈለገውን ቀድሜ እጨርስለታለሁ። የድምፅ መልእክት ሲላክልኝ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጌ ነው የምሰማው፤ የወንድሜን በተለይ።

ወንድሜ ብርሃኑ የእኔ ተቃራኒ ነበር። ከናይሮቢ ሞያሌ የጭነት መኪና ይነዳል። ‹‹መኪናውን እንጃ፣ ወሬውን ግን በአንደኛ ማርሽ ነው የሚነዳው›› እያልኩ አሾፍበት ነበር። በየእሑዱ የትም ይሁን የት መኪናውን ዳር አቁሞ ለእናታችን የድምፅ መልእክት ይልካል። እናታችን አዲስ አበባ ከታላቅ እህታችን ከአልማዝ ጋር ነው የምትኖረው። የእናቴ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ የማያውቅ አሮጌ ስልክ ስለሆነ መልእክቱ የሚሄደው በአልማዝ ስልክ ነው። አልማዝ ትከፍትላትና ስልኩን እጇ ላይ ትታላት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እነዚያን የእሑድ መልእክቶች እኔ አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም፤ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው ብዬ ትቼላቸው ነበር።

ብርሃኑ ከኢሲዮሎ ወዲያ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እዚሁ ናይሮቢ ቀበርነው። አፈር ሲለብስ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከቤተሰቡ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ለእናቴ አልተነገራትም። የልቧ ቫልቭ ጠብቦ ኦፕራሲዮን እየጠበቀች ነበር፤ ሐኪሙም ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰማ ብሎ አስጠንቅቋል። መርዶ ደግሞ የእኛ ሰው እንደ ወሬ ዝም ብሎ የሚወረውረው ነገር አይደለም። አጎታችን ጋሽ ታደሰና የእናቴ የንስሐ አባት ተማክረው ‹‹ታክማ፣ ድና፣ ቁስሏ ሲጠግግ ይነገራታል›› ተባለ። ብርሃኑ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ሥራ ሄዷል አልናት። እናቴ በአልማዝ ስልክ በቪዲዮ ስትደውልልኝ ጥቁሩን አውልቄ የምግብ ቤቱን ቀይ ሽርጥ አጠልቅ ነበር። ፊቴን ግን የት ላድርገው? ‹‹ጉንፋን ይዞኛል›› እላታለሁ።

ሰኞ ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ አልማዝ ደወለች። አጠገቧ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

‹‹ራሄል፣ እማዬ አልገባም አለች።››

‹‹የት ነው የማትገባው?››

‹‹ኦፕራሲዮን ነዋ! ሐሙስ ነው ቀጠሮዋ። ብሬን ሳልሰማ ቢላ አይነካኝም አለች። አልፈርምም ብላ ወረቀቱን ገፋችው።››

‹‹ከድሮዎቹ መልእክቶች አንዱን ክፈቺላትና አሁን የመጣ ነው በያታ!››

‹‹አድርጌው ነው የምልሽ! ‹ይሄ የጥምቀት ሰሞን የላከው ነው፤ ጎማው ፈንድቶበት ነበር› አለችኝ። አንዷም አትጠፋትም፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ሐሙስ ካለፈ ደግሞ ተራው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሐኪሙ ልቧ አይጠብቅም ብሎናል። ምን ይሻለኛል ራሄል?››

እትዬ አልማዝ የቤታችን ብርቱ ናት፤ ስታለቅስ ሰምቼያት የማውቀው ብርሃኑ የሞተ ቀን ብቻ ነው። አሁን ሁለተኛዋ ነበር። እኔም ሳላስበው ‹‹ያሉትን በሙሉ ላኪልኝ። አዲስ መልእክት እሠራላታለሁ›› አልኳት። እንዴት እንደምሠራ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

የማውቀው ሜላትን ነበር። ሜላት የምግብ ቤቱ ባለቤቶች ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የሬዲዮ ፕሮግራም የምታቀናብር። ቢሮ ካልገባች ምግብ ቤታችን ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና ጆሮዋን በትልቅ ማዳመጫ ሸፍና ትውላለች። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ማዳመጫውን አወለቀች። ነገርኳት።

‹‹ፖሌ ሳና አንቲ›› አለች እጄን ይዛ፤ ከቀብሩ ጀምሮ ባየችኝ ቁጥር በዚህ ነው የምታጽናናኝ። ‹‹ግን እኮ አሁን ኤአይ አለ። ድምፁን እንሰጠዋለን፣ ኤኒቲንግ የፈለግሽውን ይልልሻል። አምስት ደቂቃ!››

‹‹አይሆንም።››

‹‹ዋይ? ፋስት ነው።››

‹‹አፉ ያላለውን በአፉ አላስገባም። ያለውን ብቻ ነው የምቀጥለው።››

አስቡት እንግዲህ፤ እናቴን ላታልላት ተነስቼ ይቺን እምቢ አልኩ። ሰው ሲጨነቅ የሆነች ነገር ላይ ይጸናል። ሜላት ትንሽ አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ‹‹ሳዋ፣ እሺ። ነይ፣ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። እኔ አማርኛው የት እንደሚቆረጥ ሁሉንም አይገባኝም።››

ፕሮግራሙ ሲከፈት ሰሌዳ የሚመስል ጥቁር ገጽ መጣ። የብርሃኑን አንድ መልእክት ጎትታ ስትጥልበት ሰማያዊ ጉብታና ሸለቆ ሆኖ ተዘረጋ።

‹‹ፈርስት ሩል›› አለች ጣቷን ቀስራ፣ ‹‹ኦሪጅናሉን አትነኪም። ኔቨር! ኮፒ ታደርጊና ኮፒው ላይ ትሠሪያለሽ። ስፔስ ባር ስትነኪ ይጫወታል፣ ደግመሽ ስትነኪ ይቆማል። ከፍ ያለው ጮክ ያለበት ነው። ዝርግ የሆነው ምንም የሌለበት።››

ስፔስ ባሩን ነካሁት። ‹‹እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ?›› አለ ወንድሜ።

መልሼ ነካሁትና ቆመ። ከሞተ በኋላ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ምሳቸውን እየበሉ ነበር፤ የሽርጤን ጫፍ ነክሼ ተቀመጥኩ። ሜላት ውኃ ቀዳችልኝ።

ያን ቀንና ማክሰኞን፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ እየሮጥኩ ወደዚያ ጥግ፣ ሰው ሲመጣ እየሮጥኩ ወደ ገንዘብ መቀበያዬ ስል ዋልኩ። የኮምፒውተሩን ማውስ ተጭኜ እየጎተትኩ መምረጥ፣ የተመረጠውን መቁረጥ፣ ሌላ ቦታ መለጠፍ ተማርኩ። ማጉሊያዋን ስጫን ሰማያዊው ጉብታ እየተለጠጠ ይመጣና አንዷ ቃል ብቻዋን ገጹን ትሞላዋለች። ‹‹እማዬ›› የምትለዋን ሳልሰማ ባይኔ ብቻ መለየት ጀመርኩ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ነበራት። ቃል ሲጀምርና ሲጨርስ እንዳይቋረጥ ጫፉን ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግና ቀስ አድርጎ ማደብዘዝም አለ፤ እሱን ስማር ብዙ ተሳድቤያለሁ።

አንዴ ተሳስቼ የማላውቀውን ነገር ስነካ ግማሹ ጠፋ።

‹‹ሜላት! ገደልኩት!›› ብዬ ጮህኩ። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

‹‹አንቲ፣ ሪላክስ። ኮንትሮል ዜድ። ያበላሸሽውን ይመልስልሻል።››

ነካሁት፤ ተመለሰ። ደግሜ ስነካው ከዚያ በፊት የሠራሁትንም ወደ ነበረበት መለሰው። ‹‹እስከ የት ድረስ ነው ወደ ኋላ የሚመልሰው?›› አልኳት።

‹‹ፕሮግራሙን እስከከፈትሽበት ድረስ። ከዛ በላይ አይሄድም።››

ከዛ በላይ አይሄድም። እኔ የምፈልገው ደግሞ ከዛ በላይ ነበር፤ ጭነቱን አስሮ ‹‹እሑድ እደውላለሁ›› ብሎኝ የወጣበት ጠዋት ድረስ። ጣቴን እዚያው ቁልፍ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

መልእክቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሠራ። ሰላምታውን ከአንዱ እሑድ ወሰድኩ። ‹‹ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው የጠፋሁት›› የሚለውን ከሌላው። ስለ ኦፕራሲዮኑ ግን ምንም ያለው አልነበረም፤ ቀጠሮው የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ የራሴን ስልክ ከፈትኩ። ናይሮቢ እንደመጣሁ ሰሞን የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ሄጄ ከቢሮው በር ላይ ፈርቼ ቆሜ ሳለ የላከልኝ መልእክት ነበረ። ‹‹አይዞሽ። አትፍሪ። ግቢ። እግዜር አለ›› ይላል። ያኔ በእጥፍ ፍጥነት ሰምቼው ሮጬ ነበር የገባሁት። አሁን በልኩ ሰማሁት፤ ለካ በየመሃሉ ይተነፍስ ነበር። ቆረጥኩና ለእናቴ ሰጠኋት። ከእሱ የቀረችኝ የራሴ የምላት ነገር ያቺ መልእክት ነበረች።

መጨረሻውን ከእሑዶቹ አንዱ ላይ እንዳለ ወሰድኩት። ሁሉም የሚያልቁት አንድ ዓይነት ነው። ‹‹በይ እማዬ፣ መርቂኝ›› ይላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ‹‹አሜን፣ አሜን›› ብሎ ይዘጋል።

‹‹ይሄ ሁሉ ባዶ ምንድን ነው? ኔትወርክ ነው?›› አለች ሜላት።

‹‹ኧረ እሱ እንዲሁ ነው፤ ቀርፋፋ ነው›› አልኳት።

‹‹ትንሽ ትንሽ በምፕስ፣ ጉብታ ጉብታ አለው። ኢንጂን መሰለኝ፣ ኖይዝ ነው። እኛ ቢሮ ባዶ ቦታ አንተውም፤ ሰው ያለቀ መስሎት ይዘጋዋል። ቁረጪው።››

እኔ ራሄል ችኩሏ ቁረጪ ተብዬ ልተው? መረጥኩ፣ ነካሁ፣ ጠፋ። ‹‹መርቂኝ››ና ‹‹አሜን›› ተያያዙ። ጥርት ያለ ሥራ ሆነ። ሜላት ‹‹ዋው አንቲ፣ ፕሮ ሆነሻል!›› ብላ አጨበጨበችልኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ምግብ ቤቱ ገና አልተከፈተም። ሜላትና እኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ተቀመጥን። አልማዝ ሆስፒታል ሆና መስመሩን ሳትዘጋ በሌላ ስልክ መልእክቱን ልትከፍትላት ነው።

‹‹እማዬ፣ ብሬ ድምፅ ላከልሽ። ዛሬ ኔትወርክ አግኝቶ›› አለች አልማዝ። ውሸት እንደማትችል የማውቀው እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ።

‹‹ስጪኝ›› አለች እናቴ።

የሠራሁት ወንድሜ ተናገረ። እንደምን አደርሽ አለ፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ አለ፣ አይዞሽ አትፍሪ ግቢ አለ። ሲያልቅ እናቴን ትንሽ አሳላት።

‹‹እንደገና ክፈቺልኝ።››

እንደገና ተከፈተ። ‹‹በይ እማዬ፣ መርቂኝ›› ሲል እናቴ ‹‹ልጄ ተባ...›› ብላ ጀመረች። ‹‹አሜን፣ አሜን›› አለ እሱ፤ አለቀ።

ከዚያ ምንም የለም። የሆስፒታሉ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው በሩቁ ስም ይጠራል። ሜላት በእንግሊዝኛ ‹‹ምን ተፈጠረ?›› ስትለኝ በእጄ አፏን ያዝኩ።

‹‹በቃ›› አለች እናቴ። ‹‹ልጄ ግቢ ካለኝ እገባለሁ። ወረቀቱን አምጪው፣ ልፈርም።››

ሜላትን አንገቷን አንቄ ሳምኳት። አልማዝ እያለቀሰች እየሳቀች ነበር። እናቴ ግን ‹‹ራሄል አለች?›› አለች።

‹‹አለሁ እማዬ!››

‹‹በልተሻል?››

‹‹በልቻለሁ።››

‹‹ደግ አደረግሽ። አንቺን ያቆይልኝ። እህትሽን ያቆይልኝ። ተዋደዱልኝ እሺ?›› አለችኝ። ከዚያ ጋሪው ተንቀሳቀሰ።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ‹‹አሁን ይነገራት›› ሲል ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሜላት አሮጌ ላፕቶፗን ሰጥታኝ ነበር። ያልተነኩትን የብርሃኑን መልእክቶች በሙሉ ጭናልኛለች፤ ከመርዶው በኋላ እናቴ ስትናፍቀው እንድትሰማቸው።

እኔ ያደርኩት ጋሽ ታደሰ ቤት ነው። እንደ ደንቡ ገና ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባቷ ከፊት፣ ጋሽ ታደሰ፣ ጎረቤቱና እኔ ከኋላ ሆነን በሯ ላይ ደረስን። አልማዝ ሳናንኳኳ ከፈተችልን፤ ፊቷ ግራ ተጋብቷል። እናቴ ተኝታ አልነበረችም። ታጥባ፣ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሐዘን አለባበስ ነው።

ቄሱ ሊጀምሩ ሲሉ እጇን አነሳች። ‹‹አባቴ፣ አይጨነቁ። ቁጭ ይበሉ። ልጄ እንደሞተ አውቃለሁ። አልማዝ እንቅልፍ አጥታ ስትንጎራደድ ስታድር ዛሬ እንደምትመጡ ገባኝ።››

ሁሉም ወደ አልማዝ ዞረ። አልማዝ በመስቀሉ እየማለች ‹‹እኔ አልነገርኳትም!›› አለች።

‹‹ማንም አልነገረኝም። ኦፕራሲዮን የገባሁ ቀን ነው ያወቅኩት›› አለች እናቴ፣ እኔን እያየች። ‹‹ልጄ መርቂኝ ሲለኝ ይጠብቀኛል። ስንት ዓመት ሙሉ! እኔ እዚህ ሆኜ እመርቀዋለሁ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ይጠብቀኛል። እንዴት እንደሚያውቀው እንጃ፣ ልክ ስጨርስ ነው አሜን የሚለው። ያን ቀን ግን አፌን ሳልከፍት አሜን አለ። ብሬ የእናቱን ምርቃት ቆርጦ አሜን አይልም። ይሄን ሌላ ሰው ነው የሠራው አልኩ። እሱ ቢኖር ሌላ ሰው ለምን ይሠራለታል?››

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

‹‹እማዬ፣ አውቀሽ ለምን ገባሽ ታዲያ?›› አለች አልማዝ።

‹‹ባልገባስ? አንዱን ቀብራችሁ መጥታችሁ እኔን ልትደግሙ ነው? እናንተ ለእኔ ብላችሁ እንባችሁን ከዋጣችሁ፣ እኔ ለእናንተ ብዬ ብውጥ ምን አለበት?››

‹‹ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳታለቅሺ...?››

‹‹ማን አለሽ! ደረቴ ተሰፍቶ ማልቀስ ክልክል ነው ብለውኝ ነበር። ሲያስለኝ ግን ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ እንድስል አስተምረውኛል። ትራሱን አቅፌ ሳል ነው እያልኳችሁ አለቅሰው ነበር።››

አልማዝ ጮኸች። ቤቱ ያኔ ነው ለቅሶ የሆነው። የተሰበሰብነው እናቴን ልናረዳ ነበር፤ እሷ እኛን አረዳችን።

ከቀትር በኋላ ሰው ሳሳ ሲል እናቴ ጠራችኝ። ተቆጥታ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ‹‹ያንን ድምፅ የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?›› አለችኝ።

‹‹አዎ እማዬ። ይቅር በይኝ።››

‹‹ቆንጆ አድርገሽ ነው የሠራሽው። ዋናው አለሽ? ያልቆረጥሽው?››

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያን እሑድ አወጣሁት። ሰማያዊው ጉብታ ተዘረጋ፤ መጨረሻው ላይ ቆርጬ የጣልኩት ዝርግ ቦታ ቁጭ ብሏል። ‹‹ይሄ ነው የሚጠብቅሽ ቦታ›› ብዬ በጣቴ አሳየኋት። ጣቴን ይዛ ከዳር እስከ ዳር አብራኝ ዳሰሰችው።

ያኔ ነው ትናንሾቹን ጉብታዎች ደግሜ ያየኋቸው። ሜላት ሞተር ነው ያለቻቸው። ሞተር ግን እኩል ነው የሚያጉረመርመው፤ እነዚህ ቆም ይሉና ይቀጥላሉ። አጎላሁት። እንደ ቃል ነበር መልካቸው። ያቺን ቦታ ብቻ መርጬ ድምፁን ከፍ ማድረጊያዋን እስከ መጨረሻው ወሰድኩና ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ስፔስ ባሩን ነካሁ።

‹‹በይ እማዬ፣ መርቂኝ›› አለ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ ቀጠለ። ‹‹ልጄ ተባረክ... የእጅህን ሥራ ይባርክልህ... ክፉ አይይህ...››

የእናቴ ምርቃት ነበር፤ ቃል በቃል። በቃሉ ይዞት ሳትሰማው አብሯት ሲመርቅ ነው የኖረው። ልክ ስትጨርስ አሜን የሚለው ለዚህ ነበር።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አወረደችና ከእሱ ጋር አብራ መመረቅ ጀመረች። ‹‹ከፊት ቅደምለት፣ ከኋላ ተከተልለት...›› ሁለቱ ድምፆች እኩል ይሄዱ ነበር። ‹‹በሰላም ወጥተህ...›› ሲል ግን እናቴ ቆመች። አልወጣላትም። ብርሃኑ ብቻውን በትንፋሹ ‹‹በሰላም ግባ›› አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ በዚያ በማውቀው ድምፁ፣ ‹‹አሜን፣ አሜን።››

እናቴ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ትራስ አላስፈለጋትም፤ ቁስሏ ድኗል። እንደ ልቧ አለቀሰች።

ይህን ያነበባችሁልኝ ሰዎች፣ ምክር የምሰጥ ዓይነት ሴት አይደለሁም። ለታመመ ሰው መርዶ መደበቅ ልክ ነው አይደለም ብትሉኝ፣ እናቴ በሕይወት አለች፣ ያን ሁሉ ሳምንት ግን ሐዘኗን ብቻዋን ነው ያሳለፈችው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ስልካችሁ ውስጥ የምትወዱት ሰው መልእክት ካለ በልኩ ስሙት። ዝም ያለበትንም ስሙት። እኔ ወንድሜን ዕድሜ ልኩን በእጥፍ ፍጥነት ሰምቼው በልኩ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው፤ ይሄ ይቆጨኛል፣ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ወደ ናይሮቢ ከተመለስኩ በኋላ ሥራውን አልተውኩትም። ሜላት ሲበዛባት አግዛታለሁ፤ ባዶ ቦታ ቁረጪ ስትለኝ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጌ እሰማዋለሁ። ‹‹አንቲ፣ ቱ ስሎው!›› ትለኛለች። እኔን! ቀርፋፋ ተባልኩ ብል ካሳራኒ ማንም አያምነኝም።

በየእሑዱም ለእናቴ የድምፅ መልእክት እልካለሁ። መጨረሻ ላይ ‹‹በይ እማዬ፣ መርቂኝ›› እላለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ ምርቃቷን በሆዴ እላለሁ፤ ከዚያ አሜን። ባለፈው እሑድ እናቴ መልሳ ደወለችልኝ።

‹‹ራሄል፣ አሁንም ትቸኩያለሽ። ገና ሳልጨርስ ነው አሜን ያልሽው።››

‹‹እማዬ፣ በልኩ ነው እኮ የጠበቅኩት! እንደ ብሬ አድርጌ ነው የቆጠርኩት።››



‹‹አውቃለሁ›› አለችኝ። ‹‹አሁን ግን ምርቃቱ ረዝሟል። የእሱንም ላንቺ ጨምሬልሻለሁ። ቀስ በይ።››